ቁጥሩ ዘመን የሆነበት ካርታ፦ የጦር ታሪክን በጨዋታ ለማስተማር ስሞክር ያገኘሁት ልምድ

አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምራለሁ። ከሦስት ዓመት በፊት ከሥዕል መምህሩ ባልደረባዬ ጋር ሆነን፣ ከአፄ ቴዎድሮስ ንግሥ አንሥቶ የጣሊያን ወረራ እስካበቃበት ጊዜ፣ ማለትም ከ1847 እስከ 1933 ዓ.ም. ድረስ፣ ኢትዮጵያ ከውጭ ጦር ጋር ያደረገቻቸውን ጦርነቶች የሚያስተምር የመጫወቻ ካርታ ሠራን። እስካሁን ሦስት ጊዜ አሳትመናል። የመጀመሪያው ከነጭራሹ አልረባንም፣ ሁለተኛው በእኔ ስሕተት ምክንያት ተሰብስቦ ተቀመጠ፣ ሦስተኛው ግን ዛሬም በተማሪዎች እጅ ላይ አለ። ይህን የምጽፈው ተመሳሳይ ነገር ለመሥራት ያሰበ መምህር ወይም ወላጅ ሁለቱን ውድቀቶች እንዳይደግም ነው።

ሐሳቡ የመጣው ከዕረፍት ሰዓት ነው። ተማሪዎቼ ከክፍሉ ጀርባ ካለው ደረጃ ላይ ተቀምጠው ኮንከር የሚባለውን የካርታ ጨዋታ ሲጫወቱ ብዙ ጊዜ አያቸው ነበር። አንዱ ከአምስት ዙር በፊት ማን ምን እንደጣለ፣ የትኛው ቁጥር ገና እንዳልወጣ፣ ጓደኛው የትኛውን ካርድ ደብቆ እንደያዘ ያስታውሳል። ያው ልጅ ክፍል ሲገባ ግን የአምባላጌ ጦርነት ከመቀሌው ከበባ ይቅደም ይከተል ሲጠየቅ ጣሪያ ጣሪያ ያያል። የማስታወስ ችሎታ እንዳላነሰው ግልጽ ስለ ነበር፣ ያንን ችሎታ ወደ ታሪኩ የምስብበትን መንገድ መፈለግ ጀመርኩ።

የመጀመሪያው ካርታ 36 ካርዶች ነበሩት። በእያንዳንዱ ላይ የአንድ የጦር መሪ ሥዕል፣ አጭር የሕይወት ታሪክና ከ1 እስከ 10 የሚደርስ የጀግንነት ነጥብ ነበረበት። ሁለት ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ ካርድ አውጥተው ነጥቡ የበለጠው ይወስዳል። ሠርተን ስንጨርስ በጣም ደስ ብሎን ነበር። በሁለተኛው ቀን አንድ ተማሪ የራስ አሉላን ካርድ አወጣ፣ ሌላው የደጃዝማች ባልቻን። አሉላ 9፣ ባልቻ 8 ነበሩ። ተሸናፊው ካርዱን አልሰጥም አለ። «ባልቻ ከማን ነው የሚያንሱት?» ብሎ ተነሣ። ሌሎቹ ተከተሉት፤ አንዷ የራስ ሚካኤል ነጥብ ለምን እንደዚያ ዝቅ እንዳለ ጠየቀች፤ አንዱ የአያቱን አገር ሰው ፈልጎ አለማግኘቱን ተናገረ። በመጨረሻ ከሁሉም ጸጥተኛ የሆነው ልጅ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ቲቸር፣ ነጥቡን የሰጣቸው ማን ነው?» አለኝ። እኔ ነበርኩ። አንድ ማታ ሻይ እየጠጣሁ፣ ያለ ምንም መለኪያ፣ በስሜት የሰጠሁት ነጥብ ነው። ይህን በተማሪዎቹ ፊት መናገር እንዴት እንደሚያሳፍር የደረሰበት ያውቀዋል።

ጠቡ ባይነሣ እንኳ ካርታው አያስተምርም ነበር። ለሁለት ሳምንት ያህል እንዲጫወቱ ከፈቀድኩ በኋላ አንዱን ይዤ «ራስ አሉላ ስንት ነው?» ብለው ሳያቅማማ «ዘጠኝ» አለ፤ «የት የት ተዋጉ?» ብለው ግን ዝም አለ። ለማሸነፍ የሚያስፈልገው ነጥቡን ማወቅ ብቻ ስለ ነበር ልጆቹ ያጠኑት ነጥቡን ብቻ ነው። በሥዕሉ ሥር በትንሽ ፊደል የጻፍኩትን የሕይወት ታሪክ አንድም ሰው አላነበበውም፤ የሚያነብበት ምክንያት አልሰጠሁትማ። ከዚያ በኋላ የያዝኩት መመሪያ አንድ ነው፦ ተጫዋቹ ሳያውቀው ሊያሸንፍ የሚችለው ነገር በካርዱ ላይ ቢታተምም እንዳልታተመ ይቆጠራል። የቀረው ሥራ ሁሉ ከዚህ የተነሣ ነው።

ስለዚህ ሁለተኛውን ካርታ ስንሠራ ነጥቡን አስወግደን ልጆቹ ወደሚያውቁት ወደ ተለመደው 52 ካርድ ተመለስን። አራቱን ዓይነቶች በአራት ዘመኖች ተካናቸው። መድፍ የአፄ ቴዎድሮስ ዘመን ነው፤ ጋሻ የአፄ ዮሐንስ፤ ነጋሪት የአፄ ምኒልክ፤ ጠመንጃ ደግሞ ከ1927 እስከ 1933 ያለው የወረራና የአርበኝነት ዘመን ነው። በእያንዳንዱ ዘመን ከ፩ እስከ ፲ ያሉት ካርዶች አሥር ክንውኖች ሲሆኑ ቁጥራቸው የተፈጸሙበት ቅደም ተከተል ነው። ኮንከር ተጫዋች ተከታታይ ቁጥር መሰብሰብ ስላለበት፣ ሳያስበው የዘመን ቅደም ተከተል ይሰበስባል ማለት ነው። ለምሳሌ በነጋሪት ፩ የውጫሌ ውል ነው፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881፤ ፪ ክፉ ቀን፤ ፫ በ1885 ውሉ መፍረሱ፤ ፬ ጥር 1887 ኩዓቲት ላይ ራስ መንገሻ ከጣሊያኑ ጄኔራል ከባራቲየሪ ጦር ጋር ያደረጉት ውጊያ፤ ፭ የመስከረም 1888 የክተት አዋጅ፤ ፮ ኅዳር 28 ቀን አምባላጌ፤ ፯ የመቀሌ ከበባ፤ ፰ የካቲት 23 ዓድዋ፤ ፱ የምርኮኞቹ ጉዳይ፤ ፲ በ1889 የተፈረመው የአዲስ አበባ ውል። ክፉ ቀንን ከጦርነት ጋር ምን አገናኘው ያሉኝ ባልደረቦች ነበሩ። ከብቱ በበሽታ ባለቀበትና ሕዝቡ በረሃብ በተመታበት ዘመን ማግሥት ያን ያህል ሠራዊት ስንቅ ይዞ ከሸዋ እስከ ትግራይ መዝለቁ ምን ማለት እንደ ሆነ ያልገባው ልጅ ዓድዋ አልገባውም ብዬ አምናለሁ፤ ካርዱም ከቦታው አልተነሣም።

የግዕዝ ቁጥሮችን የመረጥነው ለውበት ነበር፤ መጀመሪያ ላይ ፮ንና ፯ን የማያምታታ ተማሪ አልነበረም። በሳምንቱ ግን ሁሉም ለመዱት፤ ያላሰብነው ትርፍ ሆነልን።

ሁለተኛውን ካርታ የገደለው የዘመን አቆጣጠር ነው። ጽሑፉን ያዘጋጀሁት በተለያየ ጊዜ ከያዝኳቸው ማስታወሻዎች ሲሆን፣ አንዳንዱ ከአማርኛ መጻሕፍት፣ አንዳንዱ ከውጭ ቋንቋ መጻሕፍት የተቀዳ ነበር። ዓመቶቹን አንድ ወጥ ሳላደርግ አሳተምኳቸው። ካርታውን በወዝን፣ አደልን፣ ጨዋታው ተጀመረ፤ አንዲት ተማሪ የመድፍን መጨረሻና የጋሻን መጀመሪያ ጎን ለጎን አድርጋ ስታይ ቆየችና፣ «ቲቸር፣ አፄ ዮሐንስ የነገሡት አፄ ቴዎድሮስ በሞቱበት ዓመት ነው እንዴ?» አለችኝ። ካርዶቹን ተቀብዬ አየሁ። በመቅደላው ላይ 1868 ይላል፤ በጉንደቱም ላይ 1868 ይላል። የመጀመሪያው በፈረንጆች አቆጣጠር የተጻፈ ነው፤ መቅደላ የወደቀው ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ነው። ሁለተኛው በእኛ አቆጣጠር ነው፤ አፄ ዮሐንስ የግብፅን ጦር ጉንደት ላይ የደመሰሱት ኅዳር 1868 ነው። በመካከላቸው ከሰባት ዓመት በላይ አለ፤ በእነዚያ ዓመቶች ዋግሹም ጎበዜ አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነግሠዋል፣ ካሣ ምርጫ አሸንፈዋቸዋል፣ ጥር 1864 ላይም አፄ ዮሐንስ ተብለው ዘውድ ጭነዋል። ይህ ሁሉ በእኔ ካርታ ላይ ጠፍቷል። ቤቴ ገብቼ ስፈትሽ የባሰ አገኘሁ፦ የዶጋሊ ካርድ 1887፣ የዓድዋው 1888 ይል ነበር። አንድ ልጅ ይህን አይቶ ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ የጣሊያንን ጦር ድል ባደረጉ በዓመቱ ዓድዋ ዘመቱ ብሎ ቢያምን ማን ይፈርድበታል? ዶጋሊ ጥር 1879 ነው፤ ከዓድዋ በዘጠኝ ዓመት ይቀድማል።

ያንን ካርታ በሙሉ ሰብስቤ ሳጥን ውስጥ ከተትኩት። በሦስተኛው ኅትመት ሁሉም ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ብቻ ሆነ፤ ከሁለቱ ጆከሮች አንዱን ደግሞ የመመንዘሪያ ካርድ አደረግነው። ከመስከረም 1 ጀምሮ የፈረንጆቹ ዓመት እስኪለወጥ ድረስ 7፣ ከተለወጠ በኋላ እስከ ጳጉሜን ድረስ 8 ዓመት ይደመራል የሚል አጭር ማስታወሻ አለበት፤ ምሳሌውም አምባላጌና ዓድዋ ናቸው። በእኛ አቆጣጠር ሁለቱም 1888 ሲሆኑ በፈረንጆቹ ግን የመጀመሪያው 1895፣ ሁለተኛው 1896 ነው። ይህን ሥራ የሚጀምር ሰው ከሥዕሉም ከወረቀቱም በፊት የዓመቶቹን ዝርዝር በአንድ ገጽ ላይ ጽፎ ቁጭ ብሎ እንዲያመሳክር እለምነዋለሁ።

ከዚያ ስሕተት በኋላ ስለ ዓድዋ ስናገር ተማሪዎቼን ሁልጊዜ የሚያስቃቸው አንድ ነገር አለ። በአማርኛ ካርታ የምንለው የመሬቱንም የጨዋታውንም ነው። የጄኔራል ባራቲየሪ ጦር የካቲት 22 ሌሊት በየብርጌዱ ተከፋፍሎ ሲንቀሳቀስ፣ በእጃቸው የነበረው ንድፍ ካርታ ኪዳነ ምሕረት የሚለውን ስም የጻፈው በተሳሳተ ኮረብታ ላይ ነበር። ከብርጌዶቹ አንዱን የሚመራው ጄኔራል አልቤርቶኔ ትክክለኛው ኪዳነ ምሕረት ወደሚገኝበት ወደ ፊት ገፍቶ ሄደ፤ ከሌሎቹ ብርጌዶች ተነጥሎም ሲነጋ ከኢትዮጵያ ጦር ጋር ብቻውን ተፋጠጠ፤ በኋላም ተማረከ። የተሳሳተ ካርታ ምን እንደሚያደርስ ከእኔ ይልቅ ባራቲየሪ በደንብ ይመሰክራል እላቸዋለሁ።

አሁን ወደ ጨዋታው ሕግ ልምጣ፤ የሥራው ልብ እዚህ ላይ ነው። አራት ተጫዋቾች ሰባት ሰባት ካርድ ይታደላቸዋል። በየተራው አንድ ይሳባል፣ አንድ ይጣላል። የሚያሸንፈው ከአንድ ዘመን አራት ተከታታይ ክንውኖችን፣ ከተለያየ ዘመን ደግሞ ሦስት ተመሳሳይ ማዕረግ ያላቸውን ሰዎች አሟልቶ የዘረጋ ነው። እስከዚህ ድረስ ከማንኛውም ኮንከር ብዙ አይለይም። የጨመርነው አንድ ሕግ ብቻ ነው፦ የዘረጋው ተጫዋች አራቱን ክንውኖች አንዱ ለሌላው እንዴት ምክንያት እንደ ሆነ ካርዱን ሳያነብ በቃሉ ማያያዝ አለበት። ሦስቱ ተቃዋሚዎች ያዳምጣሉ፤ አንዳቸው ከተቃወሙ የክንውኖቹ ታሪክ የተጻፈበት፣ ከካርታው ጋር ያዘጋጀነው መልመጃ ደብተር ይከፈታል፤ የተሳሳተው አንድ ካርድ ይስባል፣ በከንቱ የተቃወመውም እንዲሁ።

ይህ ሕግ ከገባ በኋላ ልጆቹ በራሳቸው ፈቃድ ደብተሩን ማንበብ ጀመሩ፤ ካላነበቡ አንድም ማያያዝ አይችሉም፣ አንድም ሌላው ሲሳሳት አያውቁም። አንድ ከሰዓት በኋላ ነጋሪት ፭፣ ፮፣ ፯፣ ፰ የዘረጋ ልጅ እንዲህ ሲል ሰማሁት፦ «ክተት ታወጀ፣ ሠራዊቱ መጣ። ቀድሞ የደረሰው አምባላጌ ላይ የጣሊያኑን ሜጀር ቶዜሊን ገደለ። የተረፉት መቀሌ ምሽግ ገቡ። እዚያ ደግሞ ከበብናቸው፣ ከዚያ ዓድዋ ሄድን።» ከፊቱ የተቀመጠችው ልጅ እጇን አወጣች። «ምሽጉ እንዴት ተለቀቀ? ሳታያይዝ ዘለልክ» አለችው። ዝም አለ። እሷ ቀጠለች፤ ምሽጉ ጠንካራ ስለ ነበር በፊት ለፊት ውጊያ ብዙ ሰው እንዳለቀ፣ እቴጌ ጣይቱ የውሃ ምንጮቹ እንዲያዙ እንዳደረጉ፣ በውሃ ጥም የተያዘው የሜጀር ጋሊያኖ ጦር ጥር ላይ ምሽጉን ለቅቆ መሣሪያውን እንደያዘ እንዲሄድ እንደተፈቀደለት ተናገረች። ልጁ አንድ ካርድ ሳበ። እኔ በነጥብ ካርታው ዘመን ለእቴጌ ጣይቱ 7 ሰጥቼ ነበር። ከ7 ውስጥ ስለ ውሃው ምን ይገኛል?

የሰዎቹ ካርዶች በየዘመኑ ሦስት ናቸው፦ ፊታውራሪ፣ ደጀንና ንጉሠ ነገሥት። በመጀመሪያ በተለመደው ካርታ ልማድ ንግሥት ልናስገባ ፈልገን ነበር፤ ጋሻ ላይ ስንደርስ ግን ቆምን። አፄ ዮሐንስ በነገሡበት ዘመን ከጎናቸው እቴጌ አልነበረችም፤ ለካርታው ቅርፅ ስንል ሰው መፍጠር ደግሞ አንችልም። መላ ያመጣው የሥዕል መምህሩ ነው። «ደጀን ለምን አንለውም? ከኋላ ሆኖ ጦሩን ያቆመው ማን ነው ብለን እንጠይቅ» አለኝ። በመድፍ ደጀን የጋፋት ሠራተኞች ሆኑ፤ አፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ ሴባስቶፖል የተባለውን ትልቅ መድፍ ያሠሩት በእነሱ እጅ ነው። በጋሻ ደጀን በጉንደትና በጉራዕ ከግብፅ ጦር የተማረከው መሣሪያ ሆነ፤ ይህ ብቸኛው ሰው ያልሆነ ደጀን ነው፣ ልጆቹም ይህን ሁልጊዜ ይከራከሩበታል። በነጋሪት እቴጌ ጣይቱ፣ በጠመንጃ ደግሞ የውስጥ አርበኞችን ለማሰብ ሸዋረገድ ገድሌ ገቡ። ፊታውራሪ የሚለውን የወሰድነው በማዕረግ ሳይሆን በጥንቱ ትርጉሙ፣ ከፊት የሚቀድም በሚለው ነው። ስለዚህ ከአፄ ቴዎድሮሱ ገብርዬና ከአፄ ምኒልኩ ገበየሁ ጋር ራስ አሉላና በላይ ዘለቀም እዚህ ተመደቡ። ቀኛዝማች በቀኝ፣ ግራዝማች በግራ፣ ፊታውራሪ ከፊት መሆኑን በጠረጴዛ ላይ ካርድ እያስቀመጥኩ ሳሳያቸው፣ ማዕረጎቹን እንደ ጌጥ ብቻ ያውቋቸው የነበሩት ተማሪዎች ዓይናቸው ሲበራ አየሁ።

በነገሥታቱና በፊታውራሪዎቹ ካርዶች ላይ የታተመው የፈረስ ስማቸው ብቻ ነው። የነገሥታቱ በየዘመናቸው ተራ አባ ታጠቅ፣ አባ በዝብዝ፣ አባ ዳኘው፣ አባ ጠቅል ሲሆን፣ የአሉላ አባ ነጋ፣ የገበየሁ አባ ጎራ፣ የበላይ አባ ኮስትር ነው። ሦስት ንጉሠ ነገሥት ዘርግቶ ስማቸውን መጥራት ያልቻለ አይቆጠርለትም። ገብርዬ ብቻ በራሱ ስም ታትሟል። የፈረስ ስም የሚጣፍጥ ነገር ስለ ሆነ ልጆቹ በሁለት ቀን ይይዙታል፤ በመልመጃ ደብተሩም በካርታው ውስጥ ቦታ ያላገኙትን አባ ነፍሶን፣ አባ መላንና አባ ቃኘውን ጨምረንላቸዋል። አንድ ልጅ ቤቱ ሄዶ ሲጠይቅ ኮሪያ የዘመተው ቃኘው ሻለቃ የተሰየመው በራስ መኮንን የፈረስ ስም መሆኑን ሰምቶ መጣ፤ የነገሩት አያቱ ናቸው።

ሽንፈትን ማስገባት አለማስገባት ላይ ከባልደረባዬ ጋር አንድ ወር ሙሉ ተሟግተናል። እሱ ልጆቹ በድል እንዲኮሩ ይፈልግ ነበር። እኔ ደግሞ ድልን ብቻ የያዘ ካርታ አይያያዝም ባይ ነኝ፤ ዓድዋ ላይ ያሸነፈች አገር ከ40 ዓመት በኋላ ንጉሠ ነገሥቷ ለስደት የተዳረጉት እንዴት እንደ ሆነ ያለ ማይጨው ማንም ሊያያይዘው አይችልም። ስለዚህ መጋቢት 22 ቀን 1928 ጠመንጃ ፬ ሆነ። የመርዝ ጋዙን ነገር በሥዕል ሳይሆን በጽሑፍ አስገባነው። በዚሁ ዘመን ፭ አዲስ አበባ የተያዘችበት ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ሲሆን ፲ ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ ተመልሰው የገቡበት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ነው። ስለ ቀኑ መመሳሰል የኅትመት ስሕተት ነው ብሎ ሊያርመኝ ያልመጣ ክፍል የለም፤ ካለፈው ልምዴ አንጻር አልፈርድባቸውም። የካቲት 12 ቀን 1929፣ ጠመንጃ ፰፣ ሌላ ጥያቄ አመጣብን። አንድ ተጫዋች ካርዱን እያጮኸ «ሰማዕታቱን ጣልኩ!» ሲል ሁላችንም ደነገጥን፤ እሱም ራሱ ደነገጠ። ከዚያ ወዲህ ይህ ካርድ አይጣልም የሚል ሕግ አወጣን፤ የደረሰው ሰው እስከ መጨረሻው ይዞት ይቆያል። ጨዋታውን ትንሽ ያከብደዋል፣ ግን ልጆቹ ራሳቸው ያቀረቡት ስለ ሆነ አልለወጥኩትም።

የእርስ በርስ ጦርነቶችን አላስገባንም። ሰገሌንና እምባቦን የመሰሉ ውጊያዎች መማር የለባቸውም ማለቴ አይደለም፤ አራት ልጆች ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው የአንዳቸው ቅድመ አያት የሌላውን የወጋበትን ታሪክ ለማሸነፊያ ሲጠቀሙበት ለማየት ግን አልደፈርኩም። ርዕሱንም «የኢትዮጵያ የጦር ታሪክ» ከሚለው አጥብበን ከውጭ ጦር ጋር የተደረገውን ብቻ አደረግነው። ነገር ግን አስቸጋሪው ነገር በዚያም አይቀርም። በነጋሪት ፱ የጣሊያን ምርኮኞች በደኅና መያዛቸውን ብቻ ጽፈን፣ አስካሪ የሚባሉት፣ ከጣሊያን ጋር ተሰልፈው የተማረኩት የኤርትራ ተወላጅ ወታደሮች እጅና እግራቸው መቆረጡን ብንተው ውሸት ይሆን ነበር፤ ደብተሩ ላይ ጽፈነዋል፣ ሲጠይቁኝም ቁጭ ብዬ አስረዳለሁ። በላይ ዘለቀ ከነፃነት በኋላ ምን ሆኑ ብለው ሲጠይቁም በ1937 በገዛ አገራቸው መንግሥት መሰቀላቸውን እነግራቸዋለሁ።

ከወላጅ የመጣው ተቃውሞ የጠበቅሁት ነበር። የአንድ ተማሪ እናት ካርታውን ከልጃቸው ቦርሳ አግኝተው በማግሥቱ መጡ። «መምህር፣ እኔ ትምህርት ቤት የላክሁት ቁማር እንዲለምድ ነው?» አሉኝ። ልክ ናቸው፤ በብዙ ቤት ካርታ ማለት ቁማር ማለት ነው። ለማስረዳት ከመሞከር ይልቅ «እስቲ እናቴ ይቀመጡ» ብዬ ልጃቸው ፊት ለፊታቸው አንድ ዙር እንዲያያይዝ አደረግሁ። ዶጋሊን ሲያያይዝ አቋረጡትና ከአባታቸው የሰሙትን የአሉላን ታሪክ ይነግሩት ጀመር። ሲሄዱ ካርታውን አልወሰዱበትም። ከዚያ በኋላ ግን ሁለት ነገር አደረግሁ፤ በማንኛውም ምክንያት፣ በከረሜላም ቢሆን፣ መወራረድ እንደማይፈቀድ በደንቡ ካርድ ላይ አሳተምኩ፤ ካርታውን ከማደሌ በፊትም ለወላጆች ደብዳቤ ላክሁ። ደብዳቤው ቀድሞ ቢሄድ ኖሮ ያቺ እናት ባልደነገጡ ነበር።

ስለ ኅትመቱ ባጭሩ፦ የተለመደው የካርድ መጠን 63 በ88 ሚሊ ሜትር ስለ ሆነ በአንድ ኤ4 ወረቀት ላይ ዘጠኝ ካርድ ይገባል፤ 54ቱ ካርዶች በስድስት ወረቀት ያልቃሉ። በመጀመሪያ ጊዜ ወረቀቱን ለማጠንከር ላሚኔት አድርገነው ነበር፤ ይንሸራተታል፣ ለመበወዝ አይመችም፣ ጠርዙም በሳምንቱ ይላቀቃል። 300 ግራም አርት ፔፐር ይሻላል፤ ነገር ግን ማተሚያ ቤት ከመክፈላችሁ በፊት አንዱን ካርድ ወደ መስኮት ከፍ አድርጋችሁ ከጀርባው እዩት። እኛ ይህን ሳናደርግ ቀርተን፣ ጀርባው ነጭ ስለ ነበር፣ በመስኮት በኩል የተቀመጠ ልጅ የጓደኛውን እጅ ሁሉ ሲያነብ ከረመ። ጀርባውን በጥቁር ሰማያዊ መሙላት ችግሩን ፈታው። ፊደሉን ከዘጠኝ ነጥብ አታሳንሱት፤ በትንሹ ሲታተም ሉና ሎ፣ ቁና ቀ መለየት ያቅታል። ማዕዘኑ ካልተከረከመ ቶሎ ይታጠፋል፤ የታጠፈ ካርድ ደግሞ ከጀርባው ይታወቃል። ፎቶግራፍ የሌላቸውን አርበኞች ፊት ከመፍጠር ጋሻቸውን ወይም ፈረሳቸውን መሳል የተሻለ ሆኖ አግኝተነዋል። ከሥዕሎቹ ሁሉ በጣም የተወደደው ግን ጀግና አይደለም፤ በመድፍ ፯ ያለው የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒዬር ከሕንድ ያስመጣቸው 44 ዝሆኖች ሰልፍ ነው።

በክፍል ውስጥ በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ እጠቀምበታለሁ፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ልጆቹ ጨዋታውን ያሸንፉና ታሪኩ ይደክማቸዋል። አንድን ዘመን በንግግር ሳላስተምር የዚያን ዘመን ካርዶች አልጨምርም። ተከታታዩን ከአራት ወደ ሦስት ማሳጠር ለጀማሪዎች ይረዳል።

ባለፈው ዓመት ከአንዱ ካርታ ኩዓቲት ጠፋ። እኔ ሳልሰማ ልጆቹ ከደብተር ሽፋን ቆርጠው በእስክሪብቶ አዲስ ሠሩ፤ ቀኑን በትክክል ጽፈዋል፣ ስሙን «ኳቲት» ብለውታል፣ ራስ መንገሻን ደግሞ በፀሐይ መነጽር ስለዋቸዋል። ችግሩ ካርዱ ከጀርባው ከሩቅ ይታወቃል፤ ማን እንደያዘው ሁሉም ስለሚያይ የነጋሪትን ከ፩ እስከ ፬ የሚሰበስብ ሰው ከዚያ ወዲህ አሸንፎ አያውቅም። አሁን ሰባተኛ ወረቀት ጨምረን፣ ጀርባቸው የታተመ ፊታቸው ባዶ የሆነ ዘጠኝ መለዋወጫ ካርዶች ከእያንዳንዱ ካርታ ጋር እንሰጣለን።